የዘብ እናት

ወይዘሮ አስካለ ይመር በኮምቦልቻና በዙሪያዋ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ልጆች አሏት። አንዱንም አልወለደችም። የበኩር ልጇ መምህር እንግዳው ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጣል። መንገድ ላይ ሲያገኛት ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከዘራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላታል። እሷም ግንባሩን ስማ፣ በዚህ ብርድ ያለ ሹራብ እንዳይወጣ ትቆጣዋለች። ከተማው ውስጥ በዚህ የሚስቅ ሰው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ጊዜው ካንሰር የያዘው ሰው በመርዝና በጨረር መታከሙ ቀርቶ ሽማግሌዎች የሚያወሩት የድሮ ታሪክ የሆነበት ነው። አሁን ሰው ሲታመም ከደሙ ውስጥ ጥቂት ዘቦች፣ ማለትም በሽታን የሚዋጉ ሴሎች፣ ይቀዱና ትምህርት ቤት ይገባሉ። ትምህርት ቤቱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ነጭ ሕንፃ ነው። ዘቦቹ አሥራ ሁለት ቀን የጠላታቸውን መልክ ሲያጠኑ ሰንብተው ይፈተናሉ፤ ያለፉት ወደ ባለቤታቸው ደም ተመልሰው ሥራቸውን ይጀምራሉ። «ዘቦችዎ ተመርቀዋል» የሚለው መልእክት ስልክ ላይ ሲገባ እልል የሚል ቤተሰብ አለ፤ ድንኳን የሚተክልም አልጠፋም። የአንዳንዱ ሰው ዘቦች ግን ትምህርት አይገባቸውም። ይማራሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይወድቃሉ። እንዲህ ያለው ሰው ከሌላ ሰው ዘብ ይወስዳል።

የአስካለ ዘቦች ጎበዞች ናቸው። ለምን ጎበዝ እንደሆኑ እሷም አታውቅም። ሐኪሞቹ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ሳለች አስጠርተዋት ብዙ ነገር አስረዷት፤ አልገባትም። መጨረሻ ላይ «እንዲያው ተፈጥሮ ነው» ብለው ተዋት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጤና ጣቢያው ሄዳ፣ አንድ ክንዷን ለማሽኑ ሰጥታ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከታታይ ድራማ ስትሰማ ትውላለች። በማግስቱ ሰውነቷ ገበያ የተበተነበት ሜዳ ይመስላል፤ እጇም እግሯም እሺ አይላትም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ረቡዕ ረቡዕ ማሽኗን ሸፍና ትተኛለች።

ኑሮዋ ታዲያ የእሷ ብቻ አይደለም። እጇ ላይ ያሰሩላት አምባር በየጠዋቱ ሪፖርት ያደርጋል። «ትናንት ሰባት ሰዓት ተኝተዋል፤ እናመሰግናለን» ይላታል። ወይም «ሁለት ብርጭቆ ጠላ ጠጥተዋል፤ እባክዎ ይጠንቀቁ» ይላታል። አምባሩ ቢተዋትም ሕዝቡ አይተዋትም። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው ካስነጠሰ ተሳፋሪው ተባብሮ ያስወርደዋል፤ ከዚያ መስኮቱን ይከፍታል፤ ቀጥሎ ደግሞ ንፋስ እንዳይመታት ብሎ ይዘጋል። ባለሱቁ ጨው የበዛበት ቆሎ አይሸጥላትም። ሰው እንዲህ ሲንከባከባት ደስ ይላታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳያውቃት በዝናብ ውስጥ ያለ ጃንጥላ መሄድ ያምራታል፤ ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ነገሩ ዘብ ሰጥቶ በመሄድ ብቻ ቢያልቅ ይህ ወግ ባልተጻፈ። ችግሩ ወሎ የጡት ልጅ የሚባል ነገር ማወቁ ነው። አንድ ጡት የጠቡ ሰዎች ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። ታዲያ ከገዛ ሰውነቷ ከፍላ ሰው ያዳነች ሴት ከጡት እናት በምን ታንሳለች? ሕዝቡ ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ መለሰ። ካህናቱ በመጽሐፍ የለም አሉ። ሼሆቹም በኪታብ የለም አሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ነጂባ ዘብ ዘመድ እንደማያደርግ ለማስረዳት ሥዕል እየሳለች ሰፈር ለሰፈር ዞረች። ሁሉም በአክብሮት አዳምጧቸው ያሰበውን አደረገ።

ልማዱ እንዲህ ሆነ። ዘብ የወሰደ ሰው ሦስት ቀን «የትውውቅ ትኩሳት» ያተኩሰዋል፤ እንግዶቹ ዘቦችና የሰውየው ሰውነት እየተዋወቁ ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀው ዳነ፤ ካለቀቀው አለቀ። የዳነው በአርባኛው ቀን ዳቦ ይዞ ዘቡን ወደ ሰጠችው ሴት ይሄዳል። እሷ ዳቦውን ቆርሳ «ልጄ ነህ» ትለዋለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሷን ዘብ ከወሰደ ሰው ሁሉ ጋር እህትና ወንድም ነው። ሽማግሌዎችም ሰባት ቤት ቆጥረው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የልጁስ ዘብ የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ጥሩ ጥሩ ጋብቻ በዚህች ጥያቄ ፈርሷል።

ልማዱን ደግሞ ከአስካለ በላይ የሚያጠብቅ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት ትንቢት የምትባል መነጽር ሠሪና ካሌብ የሚባል የመንገድ መሐንዲስ ተጫጭተው ነበር። ካሌብ ገና ተማሪ ሳለ ከአስካለ ዘብ ወስዷል። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትንቢት ታመመች፤ የራሷ ዘቦች ወደቁ፤ የተገኘላት የአስካለ ሆነ። ዳነች። በአርባኛው ቀን ዳቦዋን ይዛ፣ በእጮኛዋ ታጅባ መጣች። አስካለ ዳቦውን ቆረሰች፣ «ልጄ ነሽ» አለቻት፣ ከዚያ ሁለቱን ተራ በተራ አይታ፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ እንግዲህ ወንድምና እህት ናችሁና ሰርጉን ተዉት አለቻቸው። ቀለበቱ ቀድሟል ብለው ለመኗት። ሽማግሌ ላኩባት። ሽንጧን ገትራ እምቢ አለች። ካሌብ ሥራ ቀይሮ ሰመራ ገባ። ትንቢት መነጽር ቤቷን ይዛ ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ አስካለን «እማዬ» ብላት አታውቅም። አስካለም ወደ ገበያ ስትሄድ በመነጽር ቤቱ በኩል ማለፍ ትታ በታችኛው መንገድ መዞር ጀመረች። ሲጠይቋት ለጤና ጥሩ ነው ትላለች።

ሞላልኝን ያገኘችው በሐረጎ ገመድ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ ሰው ጠመዝማዛውን መንገድ ትቶ በገመድ ላይ በምትሄድ ክፍል ይሳፈራል፤ ሞላልኝ የአንዷ ክፍል ሹፌር ነው። በእርግጥ የሚነዳው ነገር የለም። በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል፣ ጭጋግ ሲወርድና ክፍሏ አየር ላይ ቀጥ ስትል ተሳፋሪውን በወሬ ያረጋጋል። አስካለ ዚፕ ልትገዛ ደሴ ስትወጣ አንድ ጠዋት ክፍሏ አርባ ደቂቃ ተንጠልጥላ ቀረች። ተሳፋሪው ዘቦቿ ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ ያለ የሌለውን ጋቢ አወለቀና ሰባት ጋቢ ደረበባት። ሞላልኝ ቀርቦ አያትና «ሴትዮዋን እኮ አፈናችኋት» ብሎ ስድስቱን ገፈፈ። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሻይ ከፔርሙዙ ቀዳላትና ስሟን ጠየቃት። ማን እንደሆነች አላወቀም ነበር፤ ሲነግሩትም እምብዛም አልደነቀው።

አስካለ በሃያ አራት ዓመቷ አግብታ፣ ልጅ ስላልወለደች በሠላሳ ዓመቷ የተፈታች ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ወንድ ሁሉ ወይ ይፈራታል፣ ወይ እናቴ ይላታል። ሞላልኝ አስካልዬ አላት። ወደደችው፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ መውደድ እንዳለ የነገራት ስላልነበረ ለራሷም ገረማት። በስምንተኛው ወር ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጠሩ። የሰውየው ዘብ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ አስካለ ራሷ ከጓዳ ብቅ ብላ «የራሱ ነው» ብላ በኩራት መለሰች። ሰርጉ ለመስከረም ተቆረጠ።

ከየካቲት ጀምሮ ሞላልኝ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እየበሳ መጣ። ሲጠየቅ ሙሽራ መክሳቱ ያለ ነው ይል ነበር። በግንቦት የመጀመሪያ ማክሰኞ አስካለ ክንዷን ለማሽኑ ሰጥታ ድራማዋን ስትሰማ ሲስተር ነጂባ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱ ለሃያ ዓመት በየወሩ ተያይተዋል፤ ነጂባ ወንበር ስባ ግን አታውቅም።

«እትዬ አስካለ፣ እኔ ይህን አልነገርኩሽም፤ አንቺም አልሰማሽም» አለቻት። «ጋሽ ሞላልኝ ታሟል። ቆሽቱ ላይ ነው። ዘቦቹ ሦስት ጊዜ ተፈትነው ሦስት ጊዜ ወደቁ። ከመላው አገር ፈልገን ያገኘነው አንድ ስም ነው።»

«የማን?»

«ያንቺ።»

 አስካለ ወዲያው፣ ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ፣ ይኸው ክንዴ፣ ሁለተኛውንም ክንዴን ውሰጂ አለች። ነጂባ አንገቷን ነቀነቀች። ሰውየው የእሷን ስም እንደሰማ አልፈልግም ብሎ ፈርሟል። ለአስካለም እንዳይነገራት አስምሏል። ሐኪሞቹ የሰጡት ጊዜ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የአስካለ ዘቦችም ቢሆኑ አይደርሱለትም። አስካለ ማሽኑን ነቅላ ልትነሣ ስትል ነጂባ በሁለት እጇ ይዛ አስቀመጠቻት፤ የዛሬዎቹን ዘቦች የሚጠብቁ አሥር ሰዎች አሉ። ቀሪውን አንድ ሰዓት አስካለ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ድራማው ውስጥ ማን ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አታውቅም።

በማግስቱ እንደ ልማዷ አልተኛችም። እግሯን እየጎተተች ሄዳ የሞላልኝ ክፍል ውስጥ ተሳፈረች። ሁለት ጊዜ ደሴ ወጥታ ሁለት ጊዜ ወረደች፤ ሰው አልጠፋ አለ። በሦስተኛው ጉዞ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። ሞላልኝ ገና መጀመሪያ ሲያያት ገብቶት ነበር። በሩን ዘግቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ፈርመሃል አሉ» አለችው።

«ነጂባ መቼም አፏ አያርፍ።»

«ለምን?»

«ምን ላድርግ አስካልዬ? አርባ ቀን ቆጥሬ፣ ዳቦ ታቅፌ፣ ከመምህር እንግዳው ኋላ ተሰልፌ ‹ልጄ ነህ› ልባል? ከዚያ እሑድ እሑድ እየመጣሁ ጉልበትሽን ልስም?»

«መሞት ይሻላል?»

«አስቤበታለሁ። አሁኑኑ እንጋባና እስከ ሐምሌ ባልሽ ሆኜ ብኖር ይሻለኛል። ሰው ስንት ዓመት ኖሮ ሁለት ወር ደስታ አያገኝም።»

ይህን ሲል እየሳቀ ነበር፤ የሳቁ ነገር ነው ያናደዳት። ልማዱ ምን ያደርግልናል፣ ዳቦውን እንተወው፣ ነጂባም ዝም ትላለች፣ ማን ያውቅብናል ብላ ተንጣጣች። ሞላልኝ በመስኮቱ ወደ ታች አየ። ከሥራቸው ከተማው በሙሉ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጣሪያ ሥር አስካለን የማያውቅ ቤት የለም።

«ይሁን፣ ማንም አይወቅ» አላት ቀስ ብሎ። «ግን ለነዚያ ልጆች ያልሆነ ለእኛ እንዴት ይሆናል? ዓይናችንን በጨው አጥበን? ትንቢት መነጽሬን ስትሠራልኝ አንድ ቀን አልቅሳለች። ያንቺ እጮኛ መሆኔን ሳታውቅ ነው። ስታውቅ ደግሞ ዋጋውን ቀነሰችልኝ።»

 ክፍሏ ደሴ ደርሳ ኮምቦልቻ ስትመለስ ሞላልኝ እንደማንኛውም ተሳፋሪ በሩን ከፍቶ፣ ክንዷን ደግፎ አወረዳት። ክንዱ ቀጥኗል።

መነጽር ቤቱ የገባችው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው፤ በላይኛው መንገድ ሄዳ። ትንቢት አንድ ሽማግሌ ፊደል እያስነበበች ነበር። አስካለን ስታይ ወንበር አሳየቻትና ሥራዋን ሳትቸኩል ጨረሰች። ሽማግሌው ሲወጡ በሩን መለስ አደረገች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጤናማ፣ ቀይ፣ ደንደን ያለች ሴት። አስካለ እያየቻት ይህ ሁሉ ጤና የዘቦቼ ሥራ ነው ብላ አሰበችና ወዲያው በማሰቧ አፈረች።

ሁሉንም ነገረቻት፤ ቆሽቱን፣ ፊርማውን፣ ሐምሌን። ትንቢት አላቋረጠቻትም። ሲያበቃ እጇን በፎጣ ጠረገች።

«ፈቃድ ፍለጋ ነው የመጡት?» አለች።

«አላውቅም። ሌላ የምሄድበት ስላጣሁ ነው።»

«ያን ጊዜ ሞቼ ቢሆን ካሌብ የሞተች እጮኛ ነበረችኝ ይል ነበር። ድኜ ነው ያጣሁት። በሽታው ያልወሰደብኝን እርስዎ ወሰዱብኝ። ሰው ሁሉ ደግሞ እርስዎን እንዳመሰግን ይጠብቃል። አመሰግናለሁም። ሁለቱን አብሮ መያዝ እንዴት እንደሚያደክም አያውቁትም።»

አስካለ ካሌብን ዛሬውኑ ደውዬ ልጥራው፣ ተሳስቼ ነበር ልበለው አለች። ትንቢት ፈገግ አለች፤ የመረረ ፈገግታ አልነበረም። ካሌብ ሰመራ ካገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሴት ልጅ አለችው፤ ፎቶዋን ልኮላታል። የሚመለስ ነገር የለም።

«እኔ ፈቃድ አልሰጥም፤ አልከለክልም» አለች ትንቢት። «ግን በጓዳ አያድርጉት። እኔን ‹እምቢ› ያሉኝ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ተሳስቻለሁ የሚሉ ከሆነም እዚያው ይበሉ።»

የአስካለ ልጆች ማኅበር ሊቀ መንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ማኅተም አለው። ሊቀ መንበሩ መምህር እንግዳው ነው። እናቱ አስቸኳይ ጉባኤ ጥራልኝ ስትለው ታመመች ብሎ ደነገጠ፤ ከተማውም አብሮት ደነገጠ። በሦስተኛው ቀን ኳስ ሜዳው ላይ ሺህ ስምንት መቶ ሰው ተገኘ። ከሐርቡ የመጣ አለ፣ ከባቲ የመጣ አለ፣ ሕፃን ያዘለ አለ፣ በሰው ተደግፎ የመጣ አለ። ሁሉም ከሩቅ ፊቷን እያየ ከሳች ወይስ አልከሳችም ብሎ ይከራከራል። ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ።

አስካለ ለንግግር አልተዘጋጀችም። ማይኩን ስትይዝ አምባሯ የልብ ምትዎ ጨምሯል ብሎ ነዘራት።

«አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው የጠራኋችሁ» አለች። «የወሰዳችሁት ዘብ ነው። ዘብ ዘመድ አያደርግም። ነጂባ ስትነግረን ኖራለች፤ እኔም ሰምቻታለሁ፤ ልሰማት ግን አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ልጅ የለኝም። ባሌ በዚያ ነው የፈታኝ። የመጀመሪያው ሰው ዳቦ ይዞ መጥቶ እማዬ ሲለኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። እናት ከሆንኩ ደግሞ እናንተ ወንድምና እህት መሆን ነበረባችሁ፤ ያለዚያ የእኔ እናትነት ውሸት ሊሆን ነው። ስለዚህ እንዳትጋቡ ከለከልኩ። የእኔን ስም ለማቆየት የእናንተን ቤት አፈረስኩ። ትንቢትን በድያለሁ። ካሌብን በድያለሁ። የሌሎቻችሁንም ስም መጥራት እችላለሁ። አሁን በእኔ ደረሰ። የማገባው ሰው ታሟል፤ የሚያድነው የእኔ ዘብ ነው፤ ልጅሽ አልሆንም ብሎ ሊሞት ነው። እሱን ለማዳን ብላ ተናገረች ካላችሁ፣ አዎ፣ ለእሱ ብዬ ነው። ለትንቢት ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ አላደረግሁትም። ከዛሬ ጀምሮ እናታችሁ አይደለሁም።»

 አስካለ ማይኩን አስቀምጣ እግሯን አየች። በሃያ ዓመት ውስጥ ያፈራችውን ሁሉ በአንድ ጠዋት እንደጨረሰች ተሰማት፤ የሚገርመው ቀለላት።

መጀመሪያ የተናገረችው ከወደ ኋላ የቆመች ወፍራም ሴትዮ ነበረች። በእርስዎ ቃል የልጄን ሰርግ ድንኳን ከተተከለ በኋላ አፍርሻለሁ፣ በሬው ታርዶ ነበር፣ አሁን ምን ልበላት አለች። አስካለ ይቅርታ አለቻት። ሌሎችም ተነሡ። አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ሁለት ወጣቶች ከተለያየ ጥግ ተነሥተው፣ ሰው መሃል ተገናኝተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሜዳው ወጡ። ይህን ያየ ሁሉ ሳቀና ወዲያው ነገሩ ላላ።

መምህር እንግዳው ከዘራውን ተደግፎ የተነሣው በስተመጨረሻ ነው። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ስለሆነ ማይክ አልፈለገም።

«እማዬ፣ እናትነት የወንበር ሥራ አይደለም፤ ደብዳቤ ጽፈሽ አትለቂውም» አለ። «የተሳሳትሽው ትልቅ ስሕተት ነው። እኛም አብረን ተሳስተናል፤ እኔ ራሴ አራት ጋብቻ በማኅተም አፍርሻለሁ። ጸሐፊ፣ ጻፍ። ‹ወንድምና እህት› የሚለው ከደንቡ ይሰረዝ። ‹እናት› የሚለው ይቆይ፤ የፈለገ ይበላት፣ ያልፈለገ ይተወው። እናት ደግሞ ባል ታገባለች። እኔ በበኩሌ የእንጀራ አባት በማግኘቴ ቅር አይለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ ሳይገርፈኝ እንደማይቀር ብቻ እሰጋለሁ።»

እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ፤ አለፈ። መቶ ስድሳ ሰው ተቃወመ፤ ወፍራሟ ሴትዮ ከእነዚህ አንዷ ናት፤ በዚህ የሚፈርድባት የለም። ትንቢት እጇን አላወጣችም፤ ለድጋፍም፣ ለተቃውሞም። ከኳስ ሜዳው ጥግ እጆቿን አጣጥፋ ቆማ ሰማች፤ ሲያልቅ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ሞላልኝ ዘንድ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አስካለ ስትመጣ ያቺው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው፤ መቆም እያቃተው ነበር። ከእናትነት ወረድሽ ወይ አላት። ሊያወርዱኝ አልፈለጉም፣ እህትና ወንድሙ ግን ቀርቷል አለችው። ጥቂት አሰበና እንግዲያው መጀመሪያ ይፈረም አለ። ጉባኤ ነገ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ እሱ ዘቡን ሲወስድ ባሏ ሆኖ ነው የሚወስደው። ልሙት ብሎ ሲከራከር የነበረ ሰው እንዲህ ሲደራደር አይታ አስካለ ከማልቀስ መሳቅ ቀለላት።

የጋብቻ ጸሐፊው ጤና ጣቢያው ድረስ መጣ። ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ሞላልኝ ሁለት የገመድ ባልደረቦቹን አቆመ። አስካለ መምህር እንግዳውን ይዛለች፤ ሁለተኛ ምስክር አድርጋ የጠራችው ትንቢትን ነው። ትመጣለች ብላ አልጠበቀችም። ትንቢት ነጭ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች። ጸሐፊው ስክሪኑን ሲያቀርብላት ጣቷን አንሥታ ብዙ ቆየች፤ ጸሐፊው የተበላሸ መስሎት ስክሪኑን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ፈረመች።

«ካሌብን ግን አልመለሱልኝም» አለች፣ ለአስካለ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አልመለስኩልሽም» አለች አስካለ።

በዚያው ቀን ከአስካለ ዘብ ተቀዳ፤ ዘቦቹ አሥራ ሁለት ቀን ተምረው ሲመረቁ ሞላልኝ ደም ውስጥ ገቡ። ነጂባ በሩን ዘጋች። በትውውቅ ትኩሳት ጊዜ ከነርስ በቀር ማንም አይገባም፤ ዘመድ ኮሪደሩ ላይ ያለች ረጅም አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አስካለ ለዚያ ሁሉ ሰው ዘብ ሰጥታ በዚያች አግዳሚ ላይ አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም። ዘቦቿ ይሄዳሉ፤ እሷ ረቡዕ ተኝታ ሐሙስ ዚፕ ትተክላለች፤ በአርባኛው ቀን ዳቦ ይመጣል። ዳቦ ያልመጣበት ጊዜም ነበር። ያኔ ዘቦቹ አልተስማሙም ይሏታል፤ እሷም እግዜር ያጥናቸው ብላ ትተወዋለች። አሁን በሩን እያየች እነዚያን ሰዎች ቆጠረቻቸው። መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። የእያንዳንዳቸው ሰው እዚህችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈራች፤ እጇን ማሳረፊያ እስክታጣ ድረስ ፈራች። አምባሯ ደጋግሞ ሲነዝራት ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ትንቢት መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ለምን እንደመጣች አልተናገረችም፤ አስካለም አልጠየቀቻትም። የያዘችውን ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠቻት። እዚህች ቦታ ላይ ካሌብ ሦስት ቀን ሳይነሣ እንደተቀመጠ ነጂባ ነግራት እንደነበር አወራች፤ ልክ ስለ ሰው ሰርግ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጋ። አስካለ እየሰማች እንባዋ ወረደ። ትንቢት ብርቱካኑን ጨርሳ እጇን ጠረገችና አልሄደችም።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተ። ነጂባ ወጣች፤ ሻሿ ተንሸራቶ፣ ፊቷ በላብ ርሶ። ትኩሳቱ ለቆታል፣ ሻይ አምጡልኝ እያለ ነው፣ ጭጋግ አለ ወይ ብሎም ጠይቋል አለች።

አስካለ ተነሣች። በሩ ድረስ ሄደችና ቆመች። ወደ ውስጥ መግባት አቃታት። ስንቱን ከሚወደው ለይታ እዚህች በር ላይ ስትደርስ፣ የመግባት መብት ያላት አልመሰላትም። ዞር ብላ አግዳሚው ላይ ያለችውን ሴት አየች።

ትንቢት ተነሥታ መጣችና መዳፏን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች።

«ይግቡ እንጂ» አለቻት። «ባልዎ እኮ ናቸው።»